ምዕራፍ አምስት፦ ስም ያጣ ፊት

፩

በደሴ ከተማ፣ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ከተደረደሩት አሮጌ ቤቶች ወደ አንዱ የገባ እንግዳ ዓይኑን ወደ ግድግዳው ቢያነሣ፣ ከጣራው ሥር ወደ ፊት ዘንበል ብሎ የተሰቀለ ባለ መስተዋት ክፈፍ፣ በክፈፉም ውስጥ ትልቁ ከትንሹ፣ ጉርዱ ከሙሉው፣ ጥቁርና ነጩ ከባለ ቀለሙ ጋር ተደባልቆ የታጨቀ የፎቶግራፍ ጉባኤ ያገኛል። ቡናው እስኪፈላ ድረስ የቤቱ ልጅ ይነሣና በጣቱ እያመለከተ ዘመዶቹን ያስተዋውቃል፤ ይህ አባቴ ነው፣ ይህች በልጅነቷ ያረፈች እኅታችን ናት፣ ይህ ደግሞ ለሥራ ወደ አሰብ ወርዶ በዚያው የቀረው አጎቴ ነው እያለ ይዘልቅና፣ ጣቱ ከማዕዘኑ ላይ ሲደርስ ይቆማል። «ይህን እንኳ አላውቀውም፤ እናቴ ግን ታውቀው ነበር» ይላል።

«እናቴ ታውቀው ነበር» በምትለው በዚህች አጭር ቃል ውስጥ የምዕራፋችን ነገር ሁሉ ተጠቅልሎ ይገኛል። ፎቶግራፍ የሰውን ገጽ ከነጥላው፣ ልብሱን ከነእጥፋቱ፣ ጫማውን ከነአቧራው ይዞ መቶ ዓመት ሊያቆይ የሚችል ብልሃት ሲሆን፣ የዚያኑ ሰው ስም ግን ለአንዲት ቀን እንኳ አይዝም፤ ስሙን የሚይዘው አጠገቡ የኖረ ሰው ነው፣ ያም ሰው መዋቲ ነው። ስለዚህ አንድ ፎቶግራፍ ሁለት ጊዜ ያረጃል ማለት ይቻላል፤ አንድ ጊዜ ወረቀቱ ሲደበዝዝ፣ ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ በውስጡ ያለውን ሰው የሚያውቀው የመጨረሻው ምስክር ሲያልፍ። የደበዘዘውን ወረቀት የዘመኑ መሣሪያ ያድሰዋል፤ ከምስክሩ ጋር ወደ መቃብር የወረደውን ስም ግን የሚያወጣ መሣሪያ የለም።

ስም በአገራችን ቀላል ነገር አለመሆኑን ማንም ያውቃል። ቤተ ክርስቲያን በጸሎተ ፍትሐት ጊዜ ሟቹን የምታስበው በስመ ጥምቀቱ ነው፤ በእስላሙም ቤት ለሙታን ዱዓ ሲደረግ ሟቹ በስሙ ይነሣል። ፊቱ ኖሮ ስሙ የጠፋ ሰው እንግዲህ በግድግዳ ላይ እየታየ የማይጠራ፣ በቤት ውስጥ እያለ እንግዳ የሆነ ሰው ነው። ይህ ምዕራፍ እንዲህ ያለውን ፊት ከስሙ፣ ስሙን ካገኘም በኋላ ከወገኑ ጋር ስለ ማገናኘት ይናገራል።

፪

ወሎ ከፎቶግራፍ ጋር የተዋወቀችው በሰላም ቀን አልነበረም። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲወጣ ከመሐንዲሶቹ ክፍል ጋር ፎቶግራፍ አንሺዎች አብረው ስለ ነበሩ፣ አምባውንና የዘመቻውን ምድር በመስተዋት ላይ ቀርጸው ወሰዱ፤ በመቅደላ አባቱን ያጣው ሕፃን ልዑል ዓለማየሁም በዚያው ዓመት ክረምት በእንግሊዝ አገር፣ በዋይት ደሴት ላይ፣ በስመ ጥሯ ፎቶግራፍ አንሺ በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፊት ተቀምጦ ተነሣ። ያ በኀዘን የተዋጠ የሕፃን ፊት ከነስሙ እስከ ዛሬ የቀረው የንጉሠ ነገሥት ልጅ በመሆኑ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት መጨረሻ ወደ አገራችን የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእርሱም በኋላ ሙያውን የወረሱት ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም በቤተ መንግሥት ያነሡአቸው መኳንንትና መሳፍንትም እንደዚሁ ስማቸው ከፊታቸው አልተለየም፤ የታላላቆቹን ስም የሚጽፍ ጸሐፊ ከቤተ መንግሥት አይጠፋምና።

የተራው ሰው ዕጣ ግን ሌላ ነው። በ1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጦር ሰፈራቸውን በደሴ ባደረጉ ጊዜ የውጭ አገር ጋዜጠኞች ካሜራቸውን ይዘው ተከትለዋቸው ነበርና፣ ኅዳር 26 ቀን የጠላት አውሮፕላኖች ከተማይቱን በቦምብ ሲደበድቡ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከፀረ አውሮፕላን መትረየስ ኋላ ሆነው የሚታዩበት ፎቶግራፍ በዓለም ጋዜጦች ተሠራጨ። በዚያው ሰሞን በፍርስራሹ መካከል ቆመው የተነሡት የደሴ ሰዎች ግን ማን እንደ ነበሩ የጠየቀ አልነበረም። ሚያዝያ 7 ቀን ጠላት ደሴን ከያዘ በኋላም ብዙ የኢጣልያ ወታደሮች ትንንሽ ካሜራ በኪሳቸው ይዘው ስለ ነበር፣ ገበያተኛይቱን፣ ውኃ ቀጂዋን፣ እረኛውን እያነሡ ወደ አገራቸው ላኩ፤ ዛሬ በኢጣልያ ከተሞች በአሮጌ ዕቃ ገበያ ከሟች ወታደሮች ቤት የወጡ አልበሞች ሲሸጡ፣ ከሥዕሉ ግርጌ የቦታው ስም «ደሴ» ተብሎ በጥንቃቄ ተጽፎ ይገኛል፤ የሰውዬው ስም ግን «የአገሬው ሰው» ከማለት አልፎ አይሄድም። ያ «የአገሬው ሰው» የሚባለው የአንዱ አንባቢያችን አያት ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ያስፈልጋል።

ከነፃነት በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ ሰው በባዕድ ካሜራ ፊት በድንገት መያዙ ቀርቶ፣ በገዛ ፈቃዱ፣ በገዛ ገንዘቡ፣ ለብሶና ተቀብቶ ወደ ፎቶ ቤት መሄድ ጀመረ። በየቤቱ ክፈፍ ውስጥ የምናገኛቸው አብዛኞቹ ፎቶግራፎች ከዚህ ዘመን የመጡ ናቸው፤ የወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ተማሪዎች በክፍል የተነሡአቸው፣ ሙሽሮች በሠርጋቸው ማግስት የተነሡአቸው፣ በኋላም በኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲቋቋም ሠራተኞቹ በቡድን የተነሡአቸው ሁሉ በዚህ ረድፍ ይቆጠራሉ።

፫

ነገሩ በምሳሌ ይበልጥ ይገለጣልና አንድ ፎቶግራፍ በእጃችን ይዘናል እንበል። ከሟች አክስት ሣጥን ሥር፣ ከርስት ወረቀትና ከአሮጌ የግብር ደረሰኝ ጋር ተጠቅልሎ ተገኘ። መዳፍ ያህላል፤ ጠርዙ እንደ ቴምብር ጠርዝ ጥርስ ጥርስ አለው። ካባ የደረበ ሰው በወንበር ተቀምጧል፤ ነጠላ ያጣፋች ሴት በስተቀኙ ቆማ እጇን በወንበሩ መደገፊያ ላይ አሳርፋለች፤ በመካከላቸው ቁንጮ ያለው ሕፃን ቆሞ ካሜራውን በፍርሃት ያያል። ከኋላቸው ሐይቅና ዛፍ የተሣለበት መጋረጃ ተዘርግቷል። በሴትዮዋ አንገት ላይ ማተብ ይታያል።

መርማሪው ከሁሉ አስቀድሞ ወረቀቱን ይመርምር። በወፍራም ካርቶን ላይ የተለጠፈና የፎቶ ቤቱ ስም በጌጥ የታተመበት ከሆነ በአብዛኛው የቀደመው ዘመን ነው፤ ጥርስ ያለው ጠርዝ የተወደደው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት አንሥቶ እስከ 1950ዎቹ ድረስ ነው። በጀርባው «ኮዳክ»፣ «አግፋ» ወይም የኢጣልያው «ፌራኒያ» የሚል የፋብሪካ ምልክት ቢገኝ ወረቀቱ ከወዴት እንደ መጣ ይጠቁማል፤ ነገር ግን ፎቶ ቤቶች ያከማቹትን ወረቀት ለዓመታት ይሠሩበት ስለ ነበር፣ ከነጋቲቩም ብዙ ቆይቶ ሌላ ቅጂ ይታተም ስለ ነበር፣ የወረቀቱ ዕድሜና የተነሣበት ቀን አንድ ናቸው ብሎ መቁረጥ ስሕተት ነው። ቀለም ስላለው ብቻም አዲስ ነው ማለት አይገባም፤ ጥቁርና ነጩን በብሩሽ ቀለም መቀባት የቆየ የፎቶ ቤት ጥበብ ነውና።

ቀጥሎ ልብስና ጠጉር ይመረመራል። ተፈሪ ሱሪ፣ ካባ፣ በርኖስ፣ ጀለቢያ፣ ሽርጥ፣ ኋላም ጎፈሬና ከታች የሰፋ ሱሪ እያንዳንዳቸው ዘመናቸውን ይናገራሉ፤ በወታደር ቆብ ላይ ዘውድ ካለ ነገሩ ከ1967 ዓ.ም. በፊት ነው። ይሁን እንጂ ፎቶ ቤቶች ኮትና ከራቫት፣ አንዳንዴም ካባ ያውሱ ስለ ነበር፣ ልብሱ የዘመኑ ምስክር እንጂ የሰውዬው ሀብት ምስክር አይደለም። ፎቶግራፉ በውጭ የተነሣ ከሆነ ደግሞ ምድሪቱ ራሷ ትመሰክራለች፤ ሕንፃ ይፈርሳል፣ ዛፍ ይቈረጣል፣ የጦሳ ሰንሰለት ግን ዛሬም እንደ ጥንቱ በከተማይቱ ምዕራብ ቆሞ አለና፣ የተራራውን መስመር ከፎቶግራፉ ጋር እያስተያዩ ቢሄዱ ፎቶ አንሺው የቆመበትን ሰፈር መለየት ይቻላል። በመንገድ ላይ መኪና ቢታይ በየትኛው ወገን እንደሚሄድ ይታይ፤ አገራችን ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት የተሻገረችው በ1956 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ከነፃነት በኋላ በተነሣ ሥዕል መኪናው ግራውን ይዞ ከሆነ ከዚያ ዓመት በፊት ነው። በዚህ ጊዜ ግን በግድግዳ ያለው ጽሑፍ ተገልብጦ እንዳይሆን ማየት ያሻል፤ ነጋቲቩ በጀርባው ከታተመ ግራው ሁሉ ቀኝ ሆኖ ይወጣልና።

፬

አሁን ፎቶግራፋችንን እንገልብጠው። በጀርባው ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የፎቶ ቤት ማኅተም አለ፤ ከደበዘዘው ክብ ውስጥ «ደሴ» የምትለው ቃል ብቻ ትነበባለች። ከሥሩ በዐረብ ፊደል የተጻፉ ሁለት ቃላትና አንድ ቁጥር አሉ፤ ቁጥሩ 1365 ነው።

ደሴና አካባቢዋ በዘመን አቈጣጠር ረገድ አራት መዝገብ በአንድ ጊዜ የተገለጠባቸው ቦታዎች ናቸው። አንደኛው የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ሁለተኛው ሚስዮናውያን፣ የውጭ ሐኪሞችና ዛሬ በስደት ያሉ ልጆቻችን የሚጽፉት የአውሮፓ ዓመት ነው፤ ሦስተኛው እስላሙ ወገናችን የሚቈጥርበት ዓመተ ሂጅራ ነው፤ አራተኛው ደግሞ ኢጣልያ በያዘችን ጊዜ ይዛ የመጣችው፣ ፋሽስቶች በሮማውያን ቁጥር የሚጽፉት፣ ሥልጣን ከያዙበት የሚነሣው ዓመት ነው። ከእነዚህ አንዱን ባንዱ ቦታ የወሰደ ሰው የቤተ ሰቡን ታሪክ ያፋልሳል። ለምሳሌ በአንድ ፎቶግራፍ ጀርባ «1938» ተብሎ ተጽፎ ቢገኝ፣ ቁጥሩ የእኛ ከሆነ ሥዕሉ ከነፃነት በኋላ የተነሣ ነው፤ የአውሮፓ ከሆነ ግን ጠላት በደሴ ላይ ተቀምጦ ሳለ የተነሣ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ብቻ ሲሆን፣ ፈገግ ብሎ የቆመውን ወጣት ግን በአንዱ የነፃ አገር ተማሪ፣ በሌላው የጠላት ተቀጣሪ ሊያደርገው ይችላል። በኢጣልያዊ እጅ «ደሴ» ተብሎ በሮማውያን ቁጥር አሥራ አራት የተጻፈበት ቢገኝ ደግሞ፣ አሥራ አራተኛው የፋሽስት ዓመት በጥቅምት 1929 ስላለቀና ጠላትም ደሴ የገባው ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ስለ ሆነ፣ ከዚያች ትንሽ ቁጥር ብቻ የተነሣበትን ጊዜ በግማሽ ዓመት ውስጥ ለመወሰን ይቻላል።

የእኛው 1365 በዓመተ ምሕረት ቢቈጠር ካሜራ ከመፈጠሩ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ይወድቃል፤ ስለዚህ ሂጅራ መሆኑ ግልጥ ነው፤ ይኸውም ከኅዳር 1938 መጨረሻ እስከ ኅዳር 1939 አጋማሽ ያለው ጊዜ ነው፤ ጥርስ ካለው ጠርዝም ጋር ይስማማል። የቀሩትን ሁለት ቃላት ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው አይቶ ትርጕም ቢያጣባቸው መገረም አይገባም፤ በወሎ የእስልምና ሊቃውንት አማርኛን በዐረብ ፊደል የሚጽፉበት ዐጀም የሚባል የቆየ ልማድ አላቸውና። አንድ የመስጊድ አስተማሪ ጮክ ብሎ ሲያነበው ቃሉ አማርኛ ሆኖ ተገኘ እንበል፤ «ለእኅቴ ማስታወሻ» ይላል።

በአንገቷ ማተብ ያሰረችው ሴት እንግዲህ በሂጅራ የሚቈጥር ወንድም ነበራት ማለት ነው።

፭

ከሌላ አገር የመጣ መርማሪ እዚህ ላይ ይደናገራል፤ የወሎ ሰው ግን አይደነግጥም። በወሎ አንድ ቤተ ሰብ ለሁለት ሃይማኖት ተከፍሎ በአንድ ሌማት መቅረቡ፣ አያቱ ዓሊ የሆነ ልጅ ከበደ፣ አባቷ ታደሰ የሆነች ልጅ ፋጡማ መባሏ የታወቀ ነው። ለዚህ ከሁሉ የበለጠው የአደባባይ ምሳሌ ደሴን መናገሻው ያደረገው ሰው ራሱ ነው፤ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በፊት ኢማም መሐመድ ዓሊ ይባል የነበረው፣ ከተጠመቀ በኋላ ራስ ሚካኤል፣ ኋላም ንጉሥ ሚካኤል ተብሎ የተጠራው አንድ ሰው መሆኑን የማያውቅ ተመልካች፣ ሁለት ጽሑፎች ቢቀርቡለት ሁለት ሰዎች ይመስሉታል።

የስማችን ሥርዐት በጠቅላላው ለፈላጊ ቀላል አይደለም። አውሮፓውያን የጠፋ ዘመድ ሲፈልጉ በቤተ ሰብ ስም ይሄዳሉ፤ እኛ ግን የምንጠራው በአባታችን ስም ስለ ሆነ ወንድማማቾቹ አንድ ስም ሲይዙ ልጆቻቸው ወዲያው ይለያያሉ፣ በሦስተኛው ትውልድም በስም ብቻ ዘመድነታቸውን ማወቅ አይቻልም። በዚህ ላይ ሰው አንድ ስም ብቻ የለውም፤ ካህኑ በክርስትና ስሙ፣ እናቱ በቤት ስሙ፣ የጦር ጓደኛው በፈረስ ስሙ፣ ጎረቤቱ በማዕረጉ ወይም በቅጽል ይጠሩታል። በፎቶግራፍ ጀርባ «ግራዝማች» ተብሎ ብቻ ቢጻፍ፣ የጻፈው ሰው በዚያ ሰፈር ሌላ ግራዝማች ባለመኖሩ በቂ ሆኖለት ነበር፤ ዛሬ ግን ማዕረጉ ቀርቷል፣ ሰፈሩም ተለውጧል። ለፈላጊው አንድ መጽናኛ ቢኖር ሴቶቻችን ባገቡ ጊዜ የአባታቸውን ስም አለመልቀቃቸው ነው፤ በሌላ አገር የጠፋ ዘመድ የሚጠፋው በሴቶቹ በኩል ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ የአንዲት አያት ሙሉ ስም ከተገኘ የአባቷ ቤትም አብሮ ተገኘ ማለት ነው።

፮

እንግዲህ ወረቀቱ፣ ልብሱ፣ ተራራው፣ ቁጥሩ ሁሉ ተመርምረው ካለቁ በኋላ የምናገኘው «መቼ»ንና «የት»ን ነው፤ «ማን» የሚለው ግን አሁንም በሰው አፍ ውስጥ ነው ያለው። ወደ ሽማግሌዎች መሄድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ አጠያየቁም ሥርዐት አለው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መልሱን ይዞ ስለሚጠይቅ ነው። «እማማ፣ ይህ ደጉ አያታችን አይደሉም?» ብሎ የጠየቀ ልጅ «ነው እንጂ ልጄ» የሚል መልስ ያገኛል፤ እሜቴ የልጁን ፊት አይተው ላለማሳፈር ነው ያሉት እንጂ ሰውዬውን አላወቁትም። ይልቅስ ፎቶግራፉን በብርሃን በኩል ይዞ፣ ቡናው ሁለተኛ እስኪወርድ ታግሦ፣ «እማማ፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ፤ ምን ይታይዎታል?» ማለት ይሻላል። አሮጊቷ ከፊቱ ላይጀምሩ ይችላሉ። «ይህ ወንበር የፎቶ ቤቱ ወንበር ነው፤ እኛም ተቀምጠንበታል» ይሉና ከወንበሩ ወደ ፎቶ ቤቱ፣ ከፎቶ ቤቱ ወደ ሰኞ ገበያ፣ ከገበያው አብረዋቸው ወደ መጡት ሰዎች እያሉ ወደ ስሙ ይደርሳሉ። ሰው የሚያስታውሰው በመንገድ ነውና መንገዳቸውን ማቋረጥ ስሙን ማቋረጥ ነው። ሁለት ሽማግሌዎችም ቢኖሩ ለየብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አንደኛው ከተናገረ በኋላ ሁለተኛው ምስክር መሆኑ ይቀርና አጃቢ ይሆናል።

መልክ ከመልክ ይመሳሰላል ብሎ መደምደምም አደገኛ ነው። አፍንጫና ግንባር በወንድማማቾች መካከል ይጋባሉ፣ ጠጉርና ጢም በዕድሜ ይለወጣሉ፤ ከእነዚህ ይልቅ የጆሮ ቅርጽ ጸንቶ የሚኖር ስለ ሆነ ሁለት ፎቶግራፎችን ማስተያየት ሲያስፈልግ ጆሮን ማየት ይጠቅማል። ሥዕልም ራሱ ሊያከራክር እንደሚችል የልጅ ኢያሱ ታሪክ ያስተምረናል፤ በመስከረም 1909 ከሥልጣን በወረዱበት ሰሞን የእስላም ልብስ ለብሰው የሚያሳይ ፎቶግራፍ ለክሱ መሣሪያ እንደ ሆነ ሲነገር፣ ሥዕሉ እውነተኛ ነው ወይስ የተቀናበረ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተቋጨም።

ቃል ከሥዕል በልጦ ዘመድን ያገኘበት አንድ ነገር ከሩቅ አገር ላምጣ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1863 በጌቲስበርግ፣ ስሙ ያልታወቀ አንድ ወታደር ሦስት ሕፃናት ያሉበት ትንሽ ሥዕል በእጁ እንደ ያዘ ሞቶ ተገኘ። ያን ጊዜ ጋዜጦች ፎቶግራፍ ለማተም የሚያስችል ጥበብ ስላልነበራቸው፣ የፊላደልፊያ ጋዜጣ የሕፃናቱን አቀማመጥና ልብስ በቃል ብቻ ገልጦ ጻፈ፤ ጽሑፉ ከአንዱ ጋዜጣ ወደ ሌላው ሲዘዋወር በኒው ዮርክ ግዛት በፖርትቪል መንደር ለምትኖር አንዲት እናት ደረሰ፤ ለባሏ የላከችው ሥዕል መሆኑን ከቃሉ አወቀች። ሰውዬው ኤሞስ ሂውሚስተን ይባላል። ሥዕሉ በሟቹ እጅ ሳለ ስሙን ሊናገር አልቻለም፤ ስሙን የመለሰችው ቃሉን የሰማችው ሴት ናት።

፯

ስሙ ከተገኘ በኋላ ወገኑን መፈለግ ይከተላል። በቀድሞ ጊዜ ለዚህ የሚበቃው የገበያ ቀን፣ የእድር ስብሰባ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጅና የመስጊድ በር ነበር፤ ዛሬም ከእነዚህ የሚበልጥ መዝገብ ቤት በወሎ አይገኝም። ነገር ግን የወሎ ሕዝብ በብዙ ምክንያት ተበትኗል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በረኀቡ ምክንያት ከሰሜኑ ክፍል ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰው ወደ መተከል፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ከፋ ለሰፈራ ሲወሰድ ከወሎ የሄደው እጅግ ብዙ ነበር፤ ኋላም ሴቶች ልጆቻችን በዐረብ አገር ሥራ ፍለጋ ወጡ፤ በ2014 ዓ.ም. መኸር ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ባዳረሰ ጊዜ ደግሞ ብዙ ሰው ልጁን አዝሎ ሲሸሽ አልበሙን በቤቱ ትቶ ሄደ፤ የደሴ ሙዚየምም ሳይቀር ዘረፋ ደረሰበት። ስለዚህ በደሴ የተገኘ አንድ ፎቶግራፍ ባለቤቱ በአሶሳ ወይም በጅዳ ሊሆን ይችላል፤ ክፈፉን ባዶውን ግድግዳ ላይ የሰቀለ ቤትም አይጠፋም።

ሰውን በሥዕል የመፈለግ ሥራ የቆየ ልምድ አለው። ቀይ መስቀል በጦርነት የተለያዩትን ማገናኘት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1870 በባዝል ባቋቋመው ቢሮ ነው፤ በአገራችንም ማኅበሩ የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ ጠላት ሊወርር በተነሣበት ዋዜማ ስለ ሆነ፣ ቤተ ሰብን ማገናኘት ከሥራዎቹ አንዱ ሆኖ ይኖራል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በአውሮፓ ላሉ ስደተኞች በተከፈተው የፍለጋ አገልግሎት አንድ ብልህነት አለ፤ የሚለጠፈው የጠፋው ሰው ሥዕል ሳይሆን የፈላጊው የራሱ ሥዕል ነው፤ ከሥሩም እናቴን እፈልጋለሁ፣ ወንድሜን እፈልጋለሁ ተብሎ ይጻፋል፤ የጠፋው ሰው ያን ፊት ቢያይ ራሱ ያውቀዋልና። አሮጌ ፎቶግራፍ ይዞ የሚፈልግም ሰው ከዚህ ቢማር መልካም ነው፤ የሟቹን ሥዕል ብቻ ከመላክ ይልቅ የራሱንም ሥዕልና የራሱን የትውልድ ሐረግ አያይዞ ቢልክ፣ ተቀባዩ ከማን ጋር እንደሚነጋገር ያውቃል፣ ይታመናልም። በአዲስ አበባ ሦስት ሰዎች ተባብረው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም ከየቤቱ አልበም የተገኙ ፎቶግራፎችን ከነታሪካቸው ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2018 መጽሐፍ ማድረጋቸው፣ የቤት ፎቶግራፍ ለአደባባይ የሚበቃ ቅርስ መሆኑን አሳይቷል፤ ደሴና ኮምቦልቻም እንዲህ ያለ መጽሐፍ ይገባቸዋል።

የተገኘውን ለባለቤቱ መመለስ ግን ጥንቃቄ ያሻዋል። አስቀድሞ ቅጂውን፣ በኋላ ዋናውን መላክ ይገባል፤ አንድ አያት ሰባት የልጅ ልጆች ይኖሩታልና ዋናውን ለአንዱ የሰጠ ለስድስቱ ጠብ ሊያተርፍ ይችላል። ከሥዕሉ የሚወጣ ምስጢርም አለ፤ ያልታወቀች ሚስት፣ በሌላ ስም ያደገ ልጅ፣ ቤተ ሰቡ የማያነሣው የእስር ዘመን ከአንድ ወረቀት ሊገለጥ ይችላል። ስለዚህ ነገሩን በአደባባይ ከመዘርዘር በፊት ለቤቱ ታላቅ ለብቻው ማሳየት ከአባቶች የተማርነው ጨዋነት ነው። ዋናው ወረቀት ደግሞ በክብር ይያዝ፤ ደሴ ጉምና ርጥበት የሚበዛባት ደጋ ከተማ ናትና ከግድግዳ ርጥበት፣ ከምድጃ ጢስና ከፀሐይ መራቅ አለበት፤ ከክፈፉ መስተዋት ጋር የተጣበቀ ቢሆን በኃይል አይላቀቅ፣ እንዳለ ሆኖ ቅጂው ይነሣለት።

፰

ወደ ያዝነው ፎቶግራፍ እንመለስ። ከማስተማሪያው ምሳሌያችን አንድ ምስክር ብቻ ቀርቶናል፤ በኮምቦልቻ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ሰማንያ ያለፈ፣ የሟች አክስት ታናሽ የሆኑ አንዲት እናት ናቸው እንበል። ፎቶግራፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዘው ሲያዩት ካባ የለበሰውን አላወቁትም፤ ሴትዮዋን አውቀዋታል፣ ስሟን ጠርተውም «ነፍሷን ይማር» ብለዋል፤ ሕፃኑን ግን ካዩ በኋላ ዝም ብለው ቆዩና «ይህ ቁንጮ የእኔ ወንድም ይመስለኛል፤ ወይም ከእርሱ በፊት የሞተው ነው» አሉ። ከአጠገባቸው የተቀመጡ ጎረቤታቸው ደግሞ ጀርባውን ገልብጠው የወንድምየውን ጽሑፍ ሲያዩ «አላህ ይዘንለት» አሉ። በአንድ ወረቀት በሁለቱ ፊት ሁለት ጸሎት ተደረገ።

ጠያቂው ልጅ በዚያ ሰዓት ማድረግ የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ለስላሳ እርሳስ አውጥቶ፣ ፎቶግራፉን በጠንካራ ነገር ላይ በግንባሩ አስተኝቶ፣ ከጀርባው በጠርዙ በኩል በቀስታ መጻፍ ነው። የታወቀውን ታውቋል፣ ያልታወቀውን አልታወቀም ይላል፤ ምክንያቱም ከእርሱ በኋላ የሚመጣው መርማሪ እርግጡን ከግምቱ መለየት ካልቻለ አንዱ ስሕተት ሌላውን እየወለደ ይሄዳል። የምስክሩን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ከነዘመን አቈጣጠሩ ይጨምራል። እንዲህም ብሎ ይጨርሳል፦ «ካባ የለበሱት አልታወቁም። ሴትዮዋን እማማ አውቀዋል። ሕፃኑ ወንድማቸው ይመስላቸዋል፤ እርግጠኛ አይደሉም። የጻፈው የሴትዮዋ ወንድም ነው። በ1938 ወይም በ1939 ዓመተ ምሕረት፣ ደሴ።»